አይ7 ስለተባለ ብቻ አትግዙ፦ ያገለገሉ ላፕቶፖችን ፕሮሰሰር ስለማወዳደር

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬም ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ውስጡ ያለውን ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራውን ዋና ክፍል፣ ከሌላው ጋር እንዴት እንደምታወዳድሩ።

ርዕሱ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ላፕቶፕ ስጠግን የምውል ሰው ስለሆንኩ ለእኔ ደረቅ አይደለም። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቤተሰብ ጤፍ ይሸጣል፣ በግ ይሸጣል፣ አንዳንዱም ወይፈን ይሸጣል። ያ ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ላፕቶፕ ይሆናል። ልጁ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሲቪል ምህንድስና ይደርሰዋል። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ማሽኑ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ይዞት ይመጣና "ቫይረስ ነው መሰለኝ" ይለኛል። ከፍቼ ሳየው ብዙ ጊዜ ቫይረስ የለም። መጀመሪያውኑ ለዚያ ሥራ የማይሆን ፕሮሰሰር ነው የተሸጠለት። በጣም ነው የሚያናድደኝ። በዚያው ብር፣ አንዳንዴም ባነሰ፣ የተሻለ ይገኝ ነበርና።

አባቶቻችን ገበያ ወርደው በሬ ሲገዙ የሻጩን ወሬ ብቻ ሰምተው አይከፍሉም። አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ። ዕድሜው እዚያ ነው ያለው። ፕሮሰሰርም ዕድሜውንና ጉልበቱን የሚናገር ቁጥር አለው። ስቲከሩ ላይ ያለው "ኮር አይ5" ወይም "ኮር አይ7" ግን ያ ቁጥር አይደለም።

እስቲ አንድ ስም እናንብብ። ሰሌዳው ላይ እንደጻፍኩት ነው፤ አይ5-8250ዩ። "አይ5" የቤተሰቡ ደረጃ ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ጄኔሬሽኑን ይነግረናል። 250 በዚያ ጄኔሬሽን ውስጥ ያለውን ቦታ ያሳያል። መጨረሻ ላይ ያለችው "ዩ" ደግሞ ምን ያህል ኃይል እንዲጠቀም እንደተሠራ ትናገራለች። ከእነዚህ ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማየው ጄኔሬሽኑን ነው። ቀጥሎ ፊደሏን። አይ5 ነው አይ7 ነው የሚለውን በሦስተኛ ደረጃ ነው የምጠይቀው። ሻጮች ግን ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምራሉ።

ጄኔሬሽኑ ዕድሜ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልንገራችሁ። አይ5 የሚባለው ስም ላፕቶፕ ላይ የመጣው በ2010 ነው። የዚያ ጊዜዎቹ ባለ ሦስት አሃዝ ናቸው፤ ለምሳሌ አይ5-520ኤም። 2ኛው ጄኔሬሽን በ2011 ወጣ፣ 3ኛው በ2012፣ 4ኛው በ2013። 5ኛው 2015 መጀመሪያ ላይ ላፕቶፖች ውስጥ ገባ፣ 6ኛው በዚያው ዓመት መገባደጃ ተከተለ። 7ኛው 2016 መጨረሻ ላይ፣ 8ኛው ደግሞ ነሐሴ 2017 ላይ። ከአይ5 በፊት የነበረው ኮር 2 ዱዎ ነው፤ የ2006 ልጅ። አሁንም አንዳንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ደብዳቤ ይጽፋል። ለተማሪ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ ሁለት ጊዜ አስቡበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ጊጋኸርትዝ።

ሁለት ላፕቶፕ ፊታችሁ ተቀምጧል እንበል። አንዱ አይ5-3320ኤም ነው፤ 2.6 ጊጋኸርትዝ ይላል፣ በሰከንድ 2.6 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። ሌላኛው ያነበብነው አይ5-8250ዩ ነው፤ 1.6 ጊጋኸርትዝ ይላል። ዋጋቸው ይለያያል፤ ሁለተኛው ይወደዳል። ተማሪው ቁጥሩን አይቶ "2.6 እያለ ለምን ብዬ 1.6 እገዛለሁ?" ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ማንም ካላስረዳው ምን ያድርግ።

መጀመሪያ ነገር፣ 1.6 የሚለው መነሻ ፍጥነት ነው። ሁሉም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩት ክፍሎች) አብረው እየሠሩ፣ በ15 ዋት ተወስኖ፣ ይሄን አላወርድም ብሎ የገባው ቃል ነው። ሥራ ሲመጣ ግን እስከ 3.4 ይወጣል። 3320ኤም የሚወጣው እስከ 3.3 ነው። ሲሮጡ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ በአንድ ምት የሚሠሩት ሥራ እኩል አይደለም። በየጄኔሬሽኑ የውስጥ አሠራሩ ተሻሽሏል። ስለዚህ የ8ኛው ጄኔሬሽን 3 ጊጋኸርትዝ ከ3ኛው 3 ጊጋኸርትዝ የበለጠ ሥራ ይጨርሳል። ሦስተኛውና ትልቁ፣ 3320ኤም ሁለት ኮር አለው፤ 8250ዩ አራት። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ በ15 ዋት ነው፤ የቀድሞው 35 ዋት ይፈልጋል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በ2003 የእነ አይ5 እና አይ7 ሠሪ የሆነው ኢንቴል ፔንቲየም ኤም የሚባል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር አወጣ። እስራኤል ሃይፋ ያለው ቡድኑ ነው የነደፈው። በዚያን ጊዜ ፔንቲየም 4 ጊጋኸርትዝ እየቆጠረ ሽቅብ ይሮጥ ነበር፤ ሙቀቱም አብሮ። ፔንቲየም ኤም ግን በ1.6 ጊጋኸርትዝ ብዙ ከፍ ያለ ቁጥር ከያዙት ጋር ይፎካከር ነበር። ኋላ ላይ ኢንቴል ራሱ የፔንቲየም 4ን መንገድ ትቶ በዚህኛው ቀጠለ። ኮር የተባሉት ፕሮሰሰሮች ሁሉ ከዚያ የላፕቶፕ ዘር የወጡ ናቸው። ስለዚህ ጊጋኸርትዝን ለማወዳደሪያ የምትጠቀሙት አንድ ጄኔሬሽን፣ አንድ ፊደል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው።

ወደ ፊደሎቹ ልምጣ። "ዩ" ማለት ባብዛኛው 15 ዋት ነው። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ያለው እሱ ነው። "ኤም" ከ4ኛው ጄኔሬሽን ወዲህ ቀረ፤ 35 ዋት ገደማ ነበር። አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። አብዛኛው ኤም ሶኬት ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ተነቅሎ በሌላ ይቀየራል። ከ5ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ነው፤ "ፕሮሰሰሩን አሳድግልኝ" ብትሉኝ አልችልም። "ኪውኤም"፣ "ኤምኪው"፣ "ኤችኪው" ካያችሁ አራት ኮር ነው፤ 45 ዋት አካባቢ ይበላል። "ኤች" ብቻውን ሲሆን ጉልበተኛ ነው ማለት ነው፤ ከ8ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ስድስት ኮር ያላቸውም አሉ። "ዋይ" ካያችሁ ግን ቆም በሉ። 5 ዋት ገደማ ነው። ፋን እንኳ የሌለው ላፕቶፕ ውስጥ ይገባል። አይ5-7ዋይ54 የሚባል አለ፤ ስሙ አይ5 ነው። ለአጭር ጊዜ ፈጠን ይላል፣ ከዚያ ይደክማል።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ አርክቴክቸር ተማሪ ናት። ላፕቶፑ አይ7-5600ዩ ነበር። ፕላን ስትሠራ እየደረቀ አስቸገራት። ሲገዙ ሁለት ምርጫ ነበራቸው። ሌላኛው አይ5-8250ዩ ነበር፤ ዋጋውም ተቀራራቢ። ሻጩ "አይ7 ትልቁ ነው" ብሎ የመጀመሪያውን ሰጣቸው።

"ታዲያ ልጄ፣ ሰባት ከአምስት አይበልጥም?" አሉኝ አባት።

"አባቴ፣ የአንድ ዓመት ልጆች ሲሆኑ ይበልጣል" አልኳቸው። "እነዚህ ግን በመካከላቸው ከሁለት ዓመት በላይ አለ።"

ታስክ ማናጀሩን ከፍቼ አሳየኋት። ኮር፦ 2። ልጅቷ ዝም ብላ አየችው። "አይ7 አራት ኮር አይደለም እንዴ?" አለችኝ። አይደለም። እስከ 7ኛው ጄኔሬሽን ድረስ "ዩ" ያለበት አይ7 በሙሉ ሁለት ኮር ነው። አይ7-4600ዩ፣ አይ7-6600ዩ፣ አይ7-7500ዩ፣ ሁሉም። ከአይ5 ወንድሞቻቸው የሚለዩት በጥቂት ፍጥነትና በትንሽ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው። ለዚያ ልዩነት ብዙ ብር መጨመር አይገባም። ፋኑን አጽድቼ፣ ራም (የሥራ ማስታወሻ) ጨምሬ፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ቀይሬ መለስኩላት። አሁን ይከፈታል፣ ይሠራል። ሬንደር ስታደርግ፣ ፕላኑን ወደ ምስል ስትቀይር፣ ግን አሁንም ትጠብቃለች። እሱን እኔ ላስተካክለው አልችልም።

ለምን 8ኛው ላይ እንዲህ ዘለለ? ኢንቴል ለብዙ ዓመታት ቀጭን ላፕቶፕ ላይ ሁለት ኮር እየሰጠ በየዓመቱ ጥቂት ያሻሽል ነበር። ፕሮሰሰር የሚሠራባቸውን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ትራንዚስተሮቹን፣ ማሳነስ 14 ናኖሜትር ላይ ሲደርስ ቀጣዩ እርምጃ፣ የ10 ናኖሜትሩ፣ ዓመታት ዘገየበት። በ2017 መጋቢት ላይ ደግሞ የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ ራይዘን የተባሉትን ፕሮሰሰሮች አወጣ። ብዙ ኮር፣ በተመጣጣኝ ዋጋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኢንቴል በ15 ዋት ላይ አራት ኮር አቀረበ። ፋብሪካው ያው 14 ናኖሜትር ነበር። እኔ ይሄን የፉክክር ፍሬ ነው የምለው። ለእናንተ የሚቀረው ነገር ቀላል ነው። አቅማችሁ ከፈቀደ 8ኛ ጄኔሬሽን "ዩ" መስመር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውና ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ አይደለም። እዚህም ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። አይ3-8130ዩ 8ኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ሁለት ኮር ነው። ስለዚህ ኮሩን በዓይናችሁ ቁጠሩ።

አራት ኮር ለምን ይጠቅማል? ጽሑፍ ብቻ ለሚጽፍ ብዙም አይጠቅም። ሁለት ኮርም ይበቃዋል። ፕሮግራም ለሚያጠናቅር፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ ከነኢሙሌተሩ ለሚከፍት፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ዙም ላይ ሆኖ ሃያ ታብ ለሚከፍት ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የምትማሩትን ትምህርት ታውቃላችሁ። ከሱ ተነሱ።

አሁን ከልቤ ወደምለው ነገር ልምጣ። አዲስ ከካርቶን የወጣ፣ ሴሌሮን የተባለው የኢንቴል ርካሽ ፕሮሰሰር ያለበት ላፕቶፕ።

ይሄ ነው ወላጅን በጣም የሚያታልለው። አዲስ ነው። ላስቲኩ አልተነሳም። ዋስትና አለው። ቀለሙ ያምራል። ውስጡ ሴሌሮን ኤን4020 ነው፤ ሁለት ኮር፣ 6 ዋት፣ መነሻው 1.1 ጊጋኸርትዝ። ብዙ ጊዜ 4 ጊጋ ራሙ የተበየደ ነው፤ አይጨመርም። ማከማቻውም 64 ጊጋ፣ እሱም የተበየደ። ከጎኑ የተቧጨረ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የቢሮ ላፕቶፕ ተቀምጧል። 2012 ላይ የተሠራ አይ5-3320ኤም። ማንም አያየውም። ፍጥነቱን ብትለኩት ግን አሮጌው ይበልጣል። አዎ፣ ከሴሌሮኑ ሰባት ዓመት ቀድሞ የወጣው። ራሙ ይጨመራል፣ ዲስኩ ይቀየራል፣ ኪቦርዱ ይቀየራል። ሴሌሮኑ የሚያሸንፈው በባትሪና በክብደት ነው። ዊንዶውስ 11ም ይቀበለዋል። ግን መቀበል ሌላ፣ መሥራት ሌላ።

ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። ፕሮሰሰር የሚያውቃቸው ትዕዛዞች አሉ። ኤቪኤክስ የሚባለው የትዕዛዝ ስብስብ ከ2ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ በአይ3፣ በአይ5 እና በአይ7 ላይ አለ። ኤቪኤክስ2 ከ4ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ። ያ አዲስ ሴሌሮን ግን ኤቪኤክስ የለውም። ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ከስሪት 5.0 ጀምሮ ኤቪኤክስ ካላገኘ አይነሳም። ተዘጋጅቶ የሚወርደው የማሽን ለርኒንግ መሣሪያ ቴንሰርፍሎውም ከስሪት 1.6 ጀምሮ እንደዚያው ነው። አንድ ተማሪ የዳታቤዝ ፕሮጀክት ይዞ ሲጨነቅ አይቻለሁ። ኮዱ ልክ ነው። የጫነበት መንገድ ልክ ነው። ፕሮሰሰሩ ትዕዛዙን አያውቀውም፤ አለቀ። በ2011 የተሠራ አይ5 የሚሠራውን በ2019 የተሠራ ሴሌሮን እምቢ ይላል።

ስለ ኤኤምዲ ባጭሩ። ኢ1፣ ኢ2፣ ኤ4፣ ኤ6፣ ኤ9 የሚሉ ስሞች ካያችሁ እለፏቸው። ኢ1-2100 ለምሳሌ 1 ጊጋኸርትዝ ነው፤ ሁለት ኮር። ዋጋው ስለረከሰ አይማርካችሁ። ራይዘን ከሆነ ግን ሌላ ነው። ራይዘን 5 2500ዩ አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ (በአንዴ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች) ነው፤ ከ8250ዩ ጋር ይቀራረባል፣ ግራፊክሱም ይሻላል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ግን ተከታዩን፣ ራይዘን 5 3500ዩን ነው። ከተገኘ እሱን ያዙ።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ። መብራት።

መብራት በሚመላለስበት ቦታ ዋት ትርጉም አለው። የላፕቶፕ ባትሪ አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ 50 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ላፕቶፑ በጠቅላላ 10 ዋት ቢጠቀም አምስት ሰዓት ነው። 50 ዋት ቢጠቀም አንድ ሰዓት። ባለ 47 ዋት አይ7-4700ኤምኪው ቀላል ጽሑፍ ላይ ሁልጊዜ 47 ዋት አይበላም፤ ሥራ ሲከብድ ግን ይበላዋል። እነዚህ ትልልቅ ባለ አራት ኮር ላፕቶፖች፣ የ2013 አካባቢዎቹ፣ በብዙ ሥራ ከ8250ዩ ጋር አንገት ለአንገት ናቸው። ዋጋቸው ደግሞ ይቀንሳል። ባሕር ዳር መብራት ያለበት ዶርም ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግዙት፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ገጠር ወጥታችሁ በሶላር ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ ግን ቻርጀሩ ራሱ 120 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃችኋል፤ አይሆንም።

ሙቀትም አለ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ የሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችን ያካክሰዋል፤ እኛን የሚያድነን ብርዱ ነው። አቧራውን ግን የሚያካክስ የለም። በበጋ ከሞጣ ወይም ከደጀን መንገድ የመጣ ላፕቶፕ ስከፍት የራዲያተሩ ጥርሶች መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ አወጣለሁ። ከፕሮሰሰሩ በላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ሲሆን ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርስና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱ "አርጅቷል" ይላል። አላረጀም፤ ታፍኗል። ካጸዱትና አዲስ ፔስት ከቀቡት ጉልበቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች ስታወዳድሩ አንዱ የታፈነ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ወረቀት ላይ የሚበልጠው በተግባር ሊያንስ ይችላል።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 2025፣ በፈረንጆቹ ወር በ14ኛው ቀን አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ ከጥቂት የ7ኛ ጄኔሬሽን ዓይነቶች በቀር። የ24ኤች2 ስሪቱ ደግሞ ኮር 2 ዱዎ ላይ ጭራሽ አይነሳም፤ የሚፈልጋቸው ትዕዛዞች እዚያ ውስጥ የሉም። ይሄ ማለት 4ኛና 6ኛ ጄኔሬሽን ተጣለ ማለት ነው? በፍጹም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫኑትን ነፃ የሊኑክስ ሥርዓቶች፣ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ፣ ጫኑበት። 4ኛ ጄኔሬሽን ላይ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ካለ ቆንጆ ይሄዳል። አማርኛ መጻፊያ ኪቦርዱም አብሮት አለ። የደህንነት ማሻሻያውም አይቋረጥባችሁም። ፕሮግራሚንግ ለሚማር እንዲያውም ይመረጣል። ኦቶካድ የግድ ለሚያስፈልገው ግን ሊኑክስ አይሆንም፤ እሱ ለ8ኛ ጄኔሬሽን ይቆጥብ።

ሌላም ነገር አለ። ጥር 2018 ላይ ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። መጠገኛው ፍጥነት ይቀንሳል። ማይክሮሶፍት ራሱ ያኔ፣ 4ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በፊት ባሉት ላይ መቀነሱ ጎልቶ እንደሚታይ ተናግሯል። ስለዚህ በ2013 የተጻፈ የፍጥነት ውጤት አንብባችሁ ዛሬም ያው ነው አትበሉ።

ዩቲዩብ ለምትማሩበትም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ ከክፍል የበለጠ የምትማሩት እዚያ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ብዙ ጊዜ የሚልከው ቪፒ9 በሚባል መንገድ ነው። ከ7ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ይህን የሚፈታ የተለየ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ። 3ኛና 4ኛው ላይ ኮሮቹ ራሳቸው ይለፋሉ። ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ያልቃል። መላ አለው። ዩቲዩብ በድሮው ኤች264 እንዲልክ የሚያደርግ የብራውዘር ማሟያ አለ። ኤች264ን ከ2ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉት በቀላሉ ይፈቱታል። ይሄን ጫኑና ልዩነቱን በጆሯችሁ ስሙት፤ ፋኑ ዝም ይላል።

እሺ፣ ሱቅ ገብታችኋል። ላፕቶፑ ተከፍቷል። ምን ታደርጋላችሁ?

ስቲከሩን አትመኑ። ስቲከር ተልጦ ይለጠፋል። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10 ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ፤ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም እዚያ ተጽፏል። ዊንዶውስ ላይ የሚታየውን ስም የሚነካካ ሰው ሊቀይረው ይችላል፤ ባዮስ ላይ ያለውን መቀየር ግን ቀላል አይደለም። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ግቡና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። ኮር ስንት እንደሆነ፣ መነሻ ፍጥነቱን፣ አሁን በስንት እየሮጠ እንዳለ ያሳያችኋል።

አሁን አሠሩት። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጉና ቪዲዮ ክፈቱ፣ ብዙ ታብ ክፈቱ፣ አንድ ትልቅ ፋይል ዚፕ አድርጉ። አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ቁጥሩን እዩ። ሥራ ላይ እያለ ከመነሻ ፍጥነቱ በታች ወርዶ ከቀረ ሙቀት አለ። 0.8 ወይም 0.4 ላይ ከተቸነከረ ደግሞ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩ የራሳቸው መሆኑን ካላወቁ ፕሮሰሰሩን ሆን ብለው ያዘገዩታል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት። ፍጥነቱ ከተመለሰ ችግሩ ተገኘ፤ ዋናውን ቻርጀር ይስጧችሁ። ሻጩ "ቶሎ በሉ" ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ዕቃውን የሚያምን ሻጭ አሥር ደቂቃ አይነፍጋችሁም።

አንድ ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ከሚመጡልኝ "ዘገየ" ከሚባሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ፕሮሰሰራቸው ደህና ነው። የሚያዘገየው የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ነው። ስለዚህ ሁለት ላፕቶፕ ስታወዳድሩ አንዱ ኤስኤስዲ፣ ሌላው ሀርድ ዲስክ ካለው የምታወዳድሩት ፕሮሰሰር አይደለም። አሮጌው ፈጥኖ ሲከፈት አይታችሁ "ይሄ ይሻላል" እንዳትሉ። ዲስክ ነገ ይቀየራል። ፕሮሰሰር ግን ብዙ ጊዜ አይቀየርም። ራምም እንደዚሁ፣ ሁለት ቦታ ካለው ሁለቱም ላይ መግባቱ ይጠቅማል። ግራፊክሱ የሚሠራው በዚያው ራም ስለሆነ መንገዱ በሁለት ሲሆን ፈጠን ይላል። ስትገዙ የዓይነቱን ነገር ጠይቁ። የ4ኛ ጄኔሬሽን "ዩ" ላፕቶፕ ዲዲአር3ኤል ነው የሚፈልገው፣ በ1.35 ቮልት የሚሠራውን። የድሮው የ1.5 ቮልቱ ቢገባም ላይነሳ ይችላል።

ጥያቄዎች በወረቀት ደርሰውኛል። አንዱን ላንብብ። "7ኛ ጄኔሬሽን አይ7-7500ዩ እና 8ኛ ጄኔሬሽን አይ5-8250ዩ በአንድ ዋጋ ተገኙ፤ የትኛውን ልግዛ?" 8250ዩን። ሳታቅማሙ። ኮሩ እጥፍ ነው፣ ዊንዶውስ 11ም ይቀበለዋል።

ሌላው፦ "ብሬ የሚደርሰው 4ኛ ጄኔሬሽን ላይ ብቻ ነው፤ ልተወው?" አትተወው። አይ5-4300ዩ ወይም አይ5-4300ኤም ፈልግ። ከሁለቱ መብራት የማይጠፋበት ቦታ ከሆንክ ኤሙን፣ የሚጠፋበት ከሆንክ ዩውን። የተረፈችህን ብር ኤስኤስዲ ላይ አውላት። ሊኑክስ እኔ እጭንልሃለሁ፤ ለዚያ ገንዘብ አልቀበልም።

ሦስተኛው፦ "እህቴ ሴሌሮን ተገዝቶላታል፤ ምን ታድርግ?" የጽሑፍና የንባብ ትምህርት ከሆነ ትጠቀምበት፤ ቀላል ነው፣ ባትሪው ይቆያል። ዊንዶውሱን ከአላስፈላጊ ፕሮግራም ታጽዳው፣ ታብ አታብዛ። ኢንጂነሪንግ ከሆነ ግን አዲስነቱ ሳያልቅ ሽጣችሁ ያገለገለ አይ5 ግዙ። አሁን ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ከዓመት በኋላ አያወጣም።

ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ቻርጀራችሁን ጨምራችሁ ወደዚህ ወደ ፊት ኑ። በየተራ ባዮሱን ከፍተን አብረን እናነበዋለን።